ሦስት ፀሐይ በዳንፎርዝ

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ከግሪንዉድ የባቡር ጣቢያ ወጣ ብለው ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ፣ ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ወርቅ ሲያዘንብ ያገኙታል። ወርቁ ጽሑፍ ነው። «ታላቅ የዘመን መለወጫ ምሽት» የሚለው ከጨለማ ውስጥ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ መሐል ላይ ቆሞ ያብረቀርቃል፤ ከጎኑ ርችት ይፈነዳል፤ ከዚያ ዘፋኙ ከጭስ ውስጥ ብቅ ይላል። ቀኑ፣ ቦታውና የመግቢያው ዋጋ የት ጋ እንዳሉ ለማየት ዓይን ጠበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ጠበብ ሲያደርጉ ደግሞ ያልፋሉ፤ ርችቱ ተራው ደርሷል።

ይህ ሁሉ ወርቅ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከድግሱ ኮሚቴ ነው። ይህን የሚንቀሳቀስ ማስታወቂያ፣ ሞሽን ፍላየሩን፣ የሚሠራው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቶሮንቶ ከሥራ ወጥታ ቫይበሯን ስትከፍት እሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል። መጀመሪያ የላከው ንጹሕ ነገር ነበር፤ ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ቀኑ ከሩቅ የሚነበብ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ «በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ፤ ቀጥሎ ሁሉም በየተራ «ግን» አለ። ጋሼ «ፊደሉ ትንሽ ጎላ ቢል» አሉ። እቴቴ «ባዶ ባዶ ይላል፣ የሰርግ ቤት አይመስልም» አሉ፤ ሰርግ አለመሆኑን ያስታወሳቸው የለም። ገንዘብ ያዡ «ባለፈው የእነ እንትና እኮ ያበራ ነበር» ሲል ክርክሩ አለቀ። የሌላው ማኅበር ፍላየር ካበራ፣ የእኛው መንደድ አለበት።

ልጁ አይከራከርም። ለእያንዳንዱ «ግን» ፎቶሾፕ አንድ ሳጥን አዘጋጅቶለታል። ሌየር ስታይል በሚባለው መስኮት ውስጥ ዐሥር ዓይነት ማስዋቢያ ተደርድሯል፤ ጥላው፣ ጠርዙ፣ የውስጥና የውጭ ብርሃኑ (ኢነርና አውተር ግሎው)፣ ግራዲየንቱ፣ ፊደሉን የተቀረጸ የሚያስመስለው ቤቭል ኤንድ ኤምቦስ። እነዚህ ነገሮች ወደ ፎቶሾፕ መግባት የጀመሩት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጽሑፍ ላይ ጥላ መጣል የፈለገ ጽሑፉ ያለበትን ሌየር መገልበጥ፣ ማጥቆር፣ ማደብዘዝና ፈቀቅ ማድረግ ነበረበት፤ ድካሙ ራሱ ሰውን ቁጥብ ያደርግ ነበር። አሁን ቲክ ማድረግ ብቻ ነው፤ በነፃ የተገኘ ቲክ ደግሞ ሐበሻ አይተውም። ፋይሉ ከነስታይሉ ምስል ወደሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ወደ አፍተር ኢፌክትስ፣ ይገባና ነፍስ ይዘራል፤ ብርሃኑ ሰፋ ጠበብ ይላል፤ የቤቭሉ የብርሃን ማዕዘን ሲዞር ወርቁ ላይ ብልጭታ ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር፣ በልኩ ሲሆን ያምራል።

ፎቶሾፕ ግሎባል ላይት የሚለው ነገር አለው፤ ለሁሉም ጽሑፍ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ እንዲመጣ የሚያደርግ። ርእሱ ካለፈው ዓመት ፍላየር፣ የዘፋኙ ስም ከኢንተርኔት ከወረደ ቴምፕሌት፣ የስፖንሰሮቹ መስመር ደግሞ ከሌላ ቦታ፣ እያንዳንዱ ከነራሱ ብርሃን፣ ተገልብጦ ሲመጣ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። የርእሱ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የዘፋኙ ወደ ግራ፣ የስፖንሰሮቹ ወደ ላይ ይወድቃል። በታኅሣሥ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ የምትጠልቅ አንዲት ፀሐይ ባለቻት ከተማ፣ አንድ ፍላየር ላይ ሦስት ፀሐይ ወጥቷል።

ጥላ ቢያስቅ ነው፤ ጠርዝ ግን ያጠፋል። የእኛ ፊደል ነፍሱ ያለችው ትንንሾቹ ቀለበቶችና ጭረቶች ላይ ነው። «ሌ»ን ከ«ሊ» የምትለየው እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ናት። ወፍራም ወርቃማ ጠርዝ ሲጨመርበት ቀለበቷ ትደፈናለች። «ቤተሰብ» «ቢተሰብ» ይሆናል፤ «ሴቶች በነፃ» የሚለውም «ሲቶች በነፃ» ሆኖ፣ ሲቶች እነማን እንደሆኑ ሳይታወቅ በነፃ ይገባሉ። ጽሑፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። አፍተር ኢፌክትስ መጀመሪያ ሌየሩን ያሳንሳል ወይም ያሳድጋል፤ ሌየር ስታይሉን የሚያለብሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከሩቅ ሲመጣ ፊደሉ ያንሳል እንጂ ጠርዙ አያንስም። መጀመሪያ የሚታየው ድፍን ወርቅ ነው፤ እየቀረበ ሲሄድ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱና ፊደል ይሆናል። ጠንቃቃ ባለሙያ ጠርዙንም አብሮ ያሳንሰዋል፤ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጥንቃቄ አይመችም።

ያለ ወርቅም መነበብ ይቻላል። የግሪንዉድ ጣቢያ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙን ግድግዳው ላይ በተራ ፊደል ጽፎ ይኖራል፤ ብልጭታ የለው፣ ርችት የለው፤ የጠፋበት ተሳፋሪ ግን የለም። በ1990 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬም ዘ ዊኬንድ የሚለውን የመድረክ ስሙን ሲያወጣ፣ ከእንግሊዝኛው ቃል አንዲት ፊደል ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ኮሚቴ ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ በነበልባል ያስከብቡት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ወርቁ ከድግስ ወደ ሐዘን ሲሻገር ነው። ስታይልን ከአንዱ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ ሌላው ላይ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ፣ በመስከረሙ የዳንስ ምሽት ያበራው ወርቅ በኅዳር የሙት ዓመት ቪዲዮ ላይ ከነብልጭታው ይመጣል። የእናት ፎቶ አለ፤ ሻማ አለ፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚለው እንደ ናይት ክለብ መግቢያ ብልጭ ድርግም ይላል። ለቀስተኛው ዝም ብሎ ያያል፤ ሐዘን ቤት ተቀምጦ ስለ አውተር ግሎው ማንሳት ነውር ነው። አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ላለው ሹክ ሲል ሰምቻለሁ፤ «ትኬቱ ስንት ነው?»

ይህም ሆኖ የዘመን መለወጫው አዳራሽ ይሞላል። ፍላየሩን አንብቦ የመጣ ግን የለም። ሁሉም ለሁሉም ያስተላልፈዋል፤ «እንዴት ደመቀ!» ይባላል፤ ከዚያ «ቦታው የት ነው?» ተብሎ ይደወላል። ሰዓቱ ባለመነበቡም የተጎዳ የለም፤ ከምሽቱ 2 የተባለው ከ5 በፊት አይጀመርም። የሚደወልባት ስልክ ቁጥር ከታች ጥግ ላይ በተራ ነጭ ፊደል ተጽፋለች፤ ኮሚቴው ሌላውን ሲያስጌጥ ረስቷታል። ያለ መነጽር የምትነበበው እሷ ብቻ ናት። ለሚቀጥለው ዓመት እሷም ወርቅ እንድትለብስ አንድ አባል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ተቃውሞ አልቀረበም።