የአፍላ ዕድሜ ልጆችን ይዞ ውጭ አገር መውጣት፦ የጎዶማ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው ባለፈው ነሐሴ ኬንያ ውስጥ፣ ሞያሌ ጎዶማ ላይ ነው። ዓላማው አንድ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሁለት አፍላ ልጆችን ይዞ ለሦስት ቀን የሌላ አገር ከተማ ሲጎበኝ የሚከሰተውን በሳይንሳዊ መንገድ መመዝገብ ነው። ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሸፈነው ተመራማሪው ራሱ ነው። ተመራማሪው የናሙናው አባት መሆኑ በግኝቱ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የለም። የናሙናው እናት በዚህ አትስማማም።

ናሙናው አራት ሰው ነው፦ አባት፣ እናት፣ የ16 ዓመት ሴት ልጅና የ14 ዓመት ወንድ ልጅ። ጎዶማ ላይ የተቀበሉን የባለቤቴ አክስት አምስተኛ ናሙና ይሆኑ ዘንድ ፈቃዳቸው ቢጠየቅ "መጀመሪያ ብሉ" ስላሉ በታዛቢነት ተመዝግበዋል። እሳቸው ኢትዮጵያ ሞያሌ ተወልደው በትዳር ወደ ማዶ የተሻገሩ ናቸው። አማርኛ፣ ቦረንኛና ስዋሂሊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይናገራሉ፤ የትኛው የት እንደሚያልቅ ራሳቸውም ልብ አይሉትም።

የችግሩ ምንጭ አንድ ቃል ነው። ተመራማሪው መስከረም ላይ፣ የአበባየሆሽ ሙቀት ሳይበርድ፣ "ዘንድሮ ውጭ አገር እወስዳችኋለሁ" የሚል መግለጫ ሰጥቶ ነበር። ተመራማሪው ውጭ አገር ሲል የሕግ ትርጉሙን ይዞ ነው፦ ፓስፖርት የሚመታበት ማንኛውም መሬት። ልጆቹ ሌላ ትርጉም ነበራቸው። በእነሱ ጂኦግራፊ ውጭ አገር የሚወጣው በቦሌ ነው። በቃሊቲም የሚወጣ ውጭ አገር መኖሩን ያወቁት አውቶቡሱ ቃሊቲን ሲያልፍ ነው። ሴት ልጄ በመስኮት ለረዥም ጊዜ ካየች በኋላ "አባዬ፣ ዱባይ በዚህ ነው?" አለች። ይህ ጥያቄ በመረጃ ቋቱ ውስጥ "ተቃውሞ፣ ለስላሳ" ተብሎ ተመድቧል።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሐዋሳን፣ ዲላንና ቡሌ ሆራን አልፈን ያቤሎ አደርን። በማግሥቱ ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስንወርድ ተመራማሪው ለናሙናው ሦስት ነገሮችን አሳየ። አንደኛው ኤል ሶድ ነው፦ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ሰዎች ጥቁር ጭቃውን ጨው ብለው እያወጡ በአህያ የሚጭኑበት ሐይቅ። ሁለተኛው የቦረና የቱላ ጉድጓዶች ናቸው፤ ወጣቶች በተርታ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ይቀባበላሉ። ከመንገድ ዳር ሁለቱም አይታዩም፤ ስለዚህ ማሳየቱ የተካሄደው በጣት ነበር። ሦስተኛው አንድ ወፍ ነው። ከቁራ ወገን ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ፤ በዓለም ላይ ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ በስተቀር የትም አይኖርም። እንግሊዝና ጃፓን ያሉ ሰዎች እሱን ለማየት በአውሮፕላን ይመጣሉ። ተመራማሪው "እዩት! እዩት!" አለ። ልጁ አንድ ጆሮውን ነቅሎ "ምን?" አለ። ከዚህ የተገኘው ግኝት ለወደፊት ተመራማሪዎች ይጠቅማል፦ የጆሮ ማዳመጫ ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ወፉ ከግራር ወደ ግራር ከሚበርበት ጊዜ ይረዝማል።

ስለ አፍላ ዕድሜ የተጻፈው ብዙ ነው። አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለት ቅጽ ሙሉ ጽፎ ዘመኑ የማዕበልና የውጥረት ነው አለ። ከያቤሎ በታች ያለው ሕዝብ ግን ነገሩን ለማዕበል አልተወውም። የቦረና ገዳ፣ ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የገዳ ሥርዓት አካል፣ የሰውን ዕድሜ በአብዛኛው በስምንት በስምንት ዓመት እርከን ይከፍለዋል። ከእርከኖቹ ሁለቱ ጋሜ ይባላሉ፤ ከስምንት ዓመት እስከ 24 ድረስ ይወስዳሉ። ጋሜ በአማርኛ የልጆች የፀጉር አቆራረጥ ነው። የሁለቱን ቃላት ዝምድና የቋንቋ ሊቃውንት ይዩት፤ ልጄ የቆረጠው ፀጉር ግን ለሁለቱም አይመጥንም።

አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በዚህ ሥርዓት አባትና ልጅ ምንጊዜም በአምስት እርከን፣ ማለትም በ40 ዓመት፣ ተራርቀው ነው የሚሄዱት። አባት በየትኛው እርከን እንዳለ ከታወቀ ልጅ የት እንዳለ ይታወቃል። ይህ ሕግ በእኛ ቤተሰብም በትንሽ ማሻሻያ ሲሠራበት ተገኝቷል። ወንድ ልጄ በሞያሌ ጎዳና ላይ ከአባቱ ሁልጊዜ 40 እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። አባት ሲቆም ይቆማል፣ ሲዞር የሱቅ መስኮት ያያል። እዚህ ከተማ የሚያውቀው አንድም ሰው እንደሌለ ሲነገረው "ቢኖርስ?" አለ።

ድንበሩ ጋ ደረስን። ሁለቱ አገሮች መሪዎቻቸውን ይዘው ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የመረቁት የጋራ ኬላ፣ መውጫውንም መግቢያውንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያስጨርሳል። ተመራማሪው ይህን አሠራር ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አነጻጽሮ ቀንቷል፤ እኛ ቤት አንድ "ልውጣ" የሚል ጥያቄ ቢያንስ ሁለት መስኮት ይዞራል፤ እናት "አባትሽን ጠይቂ" ትላለች፣ አባት "እናትሽ ምን አለች?" ይላል።

ከኬላው ወዲያ መኪኖች መስመር ይቀይራሉ፤ በእኛ በኩል በቀኝ፣ በኬንያ በኩል በግራ ነው የሚነዳው። ተመራማሪው ልጁን ይዞ ስለ ጉዳዩ ሰፊ ትምህርት ሰጠ፤ እዚህ መንገድ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው የምታየው አለው። ልጁ ከመጀመሪያውም ወደየትም ስለማያይ የሥርዓቱ ለውጥ አልነካውም።

ታሪክም ተነግሯል። ድንበሩ በወረቀት የተፈረመው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ዞሮ ለካው። እንግሊዞች ጥበቃውን የሰጡት ግን ለራሳቸው ሰው አልነበረም፤ ፊሊፕ ዛፊሮ ለሚባል ግሪክ ነበር። ዛፊሮ ሞያሌ አጠገብ ምሽግ ሠርቶ በዚያ በረሃ ከሽፍታና ከኬላ ጋር ሲታገል፣ ምሽጉ የተጠራው አዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ ወኪል ስም ነው፦ ፎርት ሃሪንግተን። ሴት ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን ዝቅ አደረገች። "ስለዚህ የሠራው አንዱ፣ ታግ የተደረገው ሌላው" አለች። ተመራማሪው በቅኝ ግዛት ታሪክ ላይ እንዲህ አጥሮ የቀረበ ትንታኔ አላጋጠመውም። ሊያደንቃት አፉን ሲከፍት ግን ስልኩ ተመልሶ ከፍ ብሏል።

ቀጣዩ ደረጃ ለናሙናው ውጭ አገር መሆናችንን ማረጋገጥ ነበር። ይህ ሙከራ በተከታታይ ከሽፏል። ተመራማሪው አረንጓዴውን የሳፋሪኮም ሱቅ ሲያሳይ "እኛም ጋ አለ" ተባለ፤ እውነት ነው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ኤምፔሳ? እሱም መጥቷል። ቦዳቦዳ ሞተር ስሙ ኬንያና ኡጋንዳ ድንበር ላይ፣ ከድንበር ድንበር ከማመላለስ የመጣ መሆኑ ተብራራ፤ "ሞተር ነው" ተባለ። ማንዳዚ በትኩሱ ቀረበ። ልጁ አንድ ጊዜ ገመጠና "ቦምቦሊኖ" ብሎ ጉዳዩን ዘጋ። ኡጋሊ የቀረበ ጊዜ ነገሩ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ሳህኑን ወደ ራሷ አዙራ፣ አዙራ፣ መሀሉ ላይ የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ ስታጣ "ይህ ገንፎ አላለቀም" አለች። አክስታችን ሌላ ምግብ አመጡ። እንጀራ በሽሮ ነበር። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ከተጓዝን በኋላ የበላነው የመጀመሪያው ሙሉ ምግብ ይህ ነው፤ ጥሩ ነበር፤ ከእኛ ቤት ሽሮ ይሻላል፤ ይህን ግኝት ባለቤቴ ከጥናቱ እንዲወጣ ጠይቃለች።

አንዱ ሙከራ ግን የተለየ ውጤት ሰጥቷል። ምሳ በልተን ስንጨርስ ተመራማሪው ሰዓቱን ጠየቀ። ልጁ ስልኩን አይቶ "ዋን ፒ ኤም" አለ። በር ላይ የተቀመጡ የጎረቤት ሽማግሌ "ሳ ሳባ" አሉ፤ ሰባት ሰዓት ማለታቸው ነው። ስዋሂሊ እንደ እኛ ቀኑን ከማለዳ ነው የሚቆጥረው፤ አንድ ሰዓት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ ነው። ከቁጥሮቹም ስድስት፣ ሰባትና ዘጠኝን ከዓረብኛ ስለወሰደ ሲታ፣ ሳባ፣ ቲሳ ይላል፤ ግእዝ የቆጠረ ሰው "ተስዓቱ" ከጆሮው አይጠፋም። ስለዚህ በዚያ በረንዳ ላይ ከኬንያ ጋር በሰዓት ያልተስማማው ብቸኛ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣው የ14 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ሲነገረው "ታዲያ እናንተ ናችሁ አንድ አገር" አለ።

አሁን ወደ ጥናቱ ዋና ክፍል እንመጣለን። በአክስታችን ግቢ ከውኃ ታንከሩ ኋላ አንድ ጥግ አለ። የኢትዮጵያ ኔትወርክ ድንበሩን ተሻግሮ የሚደርሰው እዚያች ጥግ ብቻ ነው፤ እሷም ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው፣ ፊትዎን ወደ ሰሜን አዙረው፣ ስልኩን ከራስዎ በላይ ከያዙ ነው። ልጁ ይህን ያገኘው በደረስን በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የውጭ አገር ጉብኝቱን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ አገሩ አድርጎ ነው። ከውጭ የሚያየው ሰው ስእለት ያለበት ይመስለዋል።

ተመራማሪው ተቆጣ። ባለቤቴ የኬንያ ሲም ካርድ ግዛለትና ተገላገል አለች። ተመራማሪው በመርህ ደረጃ እምቢ አለ፤ መርሁ ምን እንደነበር አሁን ትዝ አይለውም። አክስታችን ግን በሁለተኛው ቀን አንድ ዱካ አንሥተው ወደ ታንከሩ ሄዱ። "ልጄ፣ ቆመህ ትደክማለህ" ብለው አስቀመጡት፤ ለራሳቸውም ሌላ ዱካ አመጡ፤ ሻይ በወተት ተቀዳ። ቀጥሎ ያለው በተመራማሪው ፊት ስላልሆነ የተመዘገበው ከኩሽና መስኮት ነው። እህታቸው ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ በእግር በሚደረስበት ቦታ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ግን አልተያዩም። ልጁ በስልኩ ፊት ለፊት አገናኛቸው። ከዚያ ሦስተኛው ዱካ ከጎረቤት መጣ፤ አራተኛው ከየት እንደመጣ አልታወቀም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከታንከሩ ኋላ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ልጁ በሦስት ቋንቋ "ትንሽ ከፍ አድርጉት" ማለት ለምዷል። የሄደበትን ከተማ አላየም። ከተማው ግን እሱን አይቶታል።

ሴቷ ልጅ በሌላ መንገድ ነው የተጓዘችው። በሦስቱ ቀናት "ሼም ነው" የሚለውን ቃል 23 ጊዜ ተናግራለች፤ ዘጠኙ ስለ አባቷ ባርኔጣ፣ ሰባቱ አባቷ ሰዎችን በስዋሂሊ "ጃምቦ" ስለማለቱ (ሰዎቹ በአማርኛ "ሰላም፣ እንዴት ነዎት?" ይሉት ነበር)፣ የቀሩት በልዩ ልዩ ምክንያት። ሆኖም ፎቶ ታነሣ ነበር። ተመራማሪው ፎቶዎቹን በፈቃድ መርምሯል። በአንዱም ላይ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ ባጃጅ፣ ፔርሙዝ የለም። ፔርሙዝ አለመኖሩ በራሱ የቴክኒክ ችሎታ ነው፤ እናቷ በዚያ ሰዓት ሦስት ፔርሙዝና ሁለት ብርድ ልብስ ገዝታ፣ ሺልንጉን ወደ ብር፣ ብሩን ወደ መርካቶ ዋጋ እየመነዘረች ከከተማው የትኛውም ጥግ አትጠፋም ነበር። በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ሰማይ፣ የአንድ ግራር ጫፍ፣ ቀይ አፈርና የልጅቷ ግማሽ ፊት ነው። ድንበር ከነጭራሹ የለም። ግዊን ያን ሁሉ ለፍቶ የለካውን መስመር በጣቷ ቆርጣ ጥላዋለች።

ከእነዚህ አንዱን በመጨረሻው ማታ ለቀቀችው። ከሥሩ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፦ "ኬንያ"። ወንድሟ ወደ ታንከሩ ጥግ አስጠግቷት፣ እሷም ስልኳን ሽቅብ ይዛ ላከችው። ከሳሪስ አንዲት ጓደኛዋ ወዲያው ጻፈች፦ "ውይ! ናይሮቢ ነሽ እንዴ?"

ልጄ ትንሽ አሰበች። "እዚያው አካባቢ" ብላ መለሰች።

ተመራማሪው ሊያርማት ነበር። ናይሮቢ ከጎዶማ ሩቅ ናት፤ በኢሲዮሎ በኩል ባለው አስፋልት ከመነሻችን የመጣነውን ያህል መንገድ ይቀራል። ወረቀት አውጥቶ ቁጥሮቹን አስተያየ። ከናይሮቢ እስከ ጎዶማና ከጎዶማ እስከ ሳሪስ ያለው ርቀት ብዙም አይበላለጥም። በዚህ ስሌት ናይሮቢ "እዚያው አካባቢ" ከሆነች ሳሪስም እዚያው አካባቢ ነው። ስሌቱን ለልጅቷ ሊያሳያት ሲነሣ 40 እርምጃ ርቃ ነበር።