የዓባይ ልጅና የኮንጎ ጫማ

በክረምት፣ በትንሽ ብር ጉዞ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ጫማውን ይመልከት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ? ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እኔ ግን ፏፏቴውን የማውቀው በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር፤ አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥተው «በል ውሰደኝ» እስኪሉኝ ድረስ።

ወሩ ሐምሌ ነው። በክረምት እንግዳ ስለሚሳሳ የአልጋ ዋጋ ለድርድር ይመቻል፤ ዝናቡ ደግሞ ፏፏቴውን ይሞላዋል አልኩ። ኮንትራት መኪና ትተን መናኸሪያ ገባን። የሕዝብ መኪና ሳይሞላ አይነሣም፤ ስለዚህ የሽንኩርት ጆንያ እግሬ ሥር፣ የአንዲት እናት ዶሮ ጭኔ ላይ ሆነው ተቀመጥን። አክስቴ ከጎናቸው ካሉት ሴት ጋር ከጤፍ ዋጋ ጀምረው፣ አገር ተጠያይቀው፣ አያት ቅድመ አያት ቆጥረው፣ ሞተሩ ሳይነሣ ዝምድና አገኙ። ኮንትራት መኪና ውስጥ ይህ የት ይገኛል?

መንገድ ላይ ጎማው ሰመጠ። «ወንዶች ውረዱ!» አለ ረዳቱ። ገበሬዎቹ በጎንና በጎን ሆነው ሲገፉ እኔ ቦታ አገኘሁ ብዬ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ቆምኩ። ጎማው ሲሽከረከር ጭቃው ከጉልበቴ ጀምሮ እስከ ግንባሬ አለበሰኝ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይኔን ጠረጉልኝና «አይዞህ ልጄ፣ ውሃ ያለበት አገር ነው የምትሄደው» አሉኝ።

ጢስ ዓባይ ከተማ ወርደን፣ ትኬት ቆርጠን፣ ወደ አላታ ድልድይ ቁልቁል ተያያዝነው። ድልድዩ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፤ ያን ሁሉ ክረምት ችሎ ቆሟል። አክስቴ በኮንጎ ጫማና በምርኩዝ ረገጥ ረገጥ እያደረጉ ሲወርዱ፣ የእኔን የቆዳ ጫማ ጭቃው ይዞ አስቀረው፤ እኔም በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ እረኞች መካከል ደረስኩ። አንዱ ልጅ ጫማዬን በዱላ ቆፍሮ አወጣልኝ። ቡና የምታፈላ ሴት ደግሞ የባሏን ኮንጎ አዋሰችኝ፤ ተረከዜ ግማሹ ውጭ ቢቀርም እግሬ መሬት ያዘ።

ፏፏቴው ዘንድ ስንደርስ ውሃው ደፍርሷል፣ ግን እንደ ብሩ ሥዕል ገደሉን አልሸፈነም። አንድ ወጣት አስጎብኚ ምክንያቱን አስረዳን። ጣና ዝናቡን ቀስ ብሎ ነው የሚያጠራቅመው፤ በሰኔ ዝቅ ብሎ፣ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በሐምሌ የሚደፈርሰው ውሃ አብዛኛው እንደ አንዳሳ ካሉ ገባሮች የመጣ ነው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የጨረጨራ ግድብ ይመጥነዋል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። ስለዚህ ፏፏቴው የሚያምረው ሐይቁ ሞልቶ ሲለቀቅ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ ወዲህ። አክስቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው የደፈረሰውን ውሃ አተኩረው አዩት። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ እኛስ ማደሪያ አለን፣ በመስከረም እንመለሳለን» አሉ።

የመጨረሻው መኪና ሄዶ ስለነበር ማታ በጭነት አይሱዙ ተመለስን።

እናም ወዳጄ፣ ከኪስ የተረፈው ብር በጊዜ ይከፈላል፤ ቀኑን ሙሉ ለመንገዱ ያልሰጠ ሰው በክረምት ጢስ ዓባይ አይሂድ። ከኮንትራት መኪናው የቀነስከውንም ይዘህ አትመለስ። ውሃው በለስ ከሄደ ወዲህ ያች ከተማ የምትጠብቀው እንግዳዋን ነው፤ ቡናዋን እዚያው ጠጣ፣ ለአስጎብኚው ክፈል፣ እረኛውንም ሸልም።