ሽጉጥም መልስ አለው

አሜሪካ ውስጥ ድብንና ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በሪቮልቨር ሽጉጥ የሚያድኑ ሰዎች ሲገናኙ ፉከራው አይጣል ነው። ለፎካሪው ሁሉ መልስ አለኝ።

«የኔ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 500 ነው! ማን ይችለዋል?»
አንተ ትችለዋለህ ወይ? በ2003 የወጣው ይህ ሽጉጥ 28 ግራም ያህል እርሳስ በሰከንድ 500 ሜትር ግድም ይወረውራል። 2 ኪሎ የሚመዝነው ብረትም በሰከንድ ከ7 ሜትር በላይ ወዳንተ ይመለሳል። ከድቡ ቀድሞ የሚደርስብህ እሱ ነው።

«ክንዴ ብረት ነው፤ አንቄ እይዘዋለሁ።»
አንቀህ ስትይዘው እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ዒላማውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በሁለት እጅህ አጥብቀህ ጨብጥ፣ ክርንህን ጥቂት እጠፍ፣ ሽቅብ ሲነሳ ተወው ይነሳ። አብዛኛው መነሳት ጥይቱ ከወጣ በኋላ ነው።

«ቀላሉን 44 ማግነም ልግዛ፤ ሲሸከሙት አይሰማም።»
ሲተኩሱት ይሰማል። ጥይቱ ያው ሆኖ የሽጉጡ ክብደት ሲጋመስ፣ ወደኋላ የሚመታህ ኃይል እጥፍ ይሆናል።

«አፈሙዙ ላይ የጋዝ መውጫ ቀዳዳ አስከፍቻለሁ።»
ደግ አድርገሃል፣ ምቱን ይቀንሳል። ጩኸቱ ግን ይብሳል፤ ለራስህም አጠገብህ ለሚቆመውም የጆሮ መከላከያ ያዝ። ጣትህንም በተሽከርካሪው ካዝናና በበርሜሉ መካከል ካለው ክፍተት አርቅ፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል።

«እኔ እንኳ አልደነግጥም።»
እንግዲያው ሽጉጥህን ባልንጀራህ ያጉርስልህ፤ አንተ ሳታይ በአንዳንዱ ጉድጓድ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይክተትበት። ባዶው ላይ ቃታ ስትስብ አፈሙዙ ወደታች ከጠለቀ፣ ደንግጠሃል። ይህን ድንጋጤ ጡንቻ አያድነውም። ሰውነት ምቱን ለመቀበል ቀድሞ ይሸማቀቃል፤ ብዙ ከባድ ጥይት በተከታታይ ሲተኮስም ልማዱ ሥር ይሰድዳል። መድኃኒቱ ወደ ቀላል ጥይት መመለስ ነው። የ44 ማግነም ሽጉጥ ቀለል ያለውን 44 ስፔሻል ጥይት ይተኩሳል። በዋዮሚንግ ፍሪደም አርምስ የተባለው ፋብሪካ ከ1983 ጀምሮ የሠራው የ454 ካሱል ሽጉጥም ቀለል ያለውን 45 ኮልት ይቀበላል። በቀላሉ ብዙ ተለማመድ፤ ከባዱን ጥቂት ጥቂት ጨምርበት፤ እጅህን ሳያምህ በፊት አቁም። ይህን ያህል ትዕግሥት የሌለው ሰው ጫካ ባይገባ እወዳለሁ።

«ጀማሪ ጓደኛዬን በ500ው አስተኩሼ ልሳቅበት።»
በሰው ነፍስ አይሳቅም! ሽጉጡ ተንሥቶ ወደ ግንባሩ ሲዞር፣ የደነገጠ እጅ ሳያውቀው ቃታውን ደግሞ ሊስብ ይችላል። ለጀማሪ አንዲት ጥይት ብቻ አጉርስለት፤ እሷንም ቀላሏን።

«ትልቅ አውሬ ትልቅ ጥይት ይፈልጋል።»
ትልቅ አውሬ የሚፈልገው ልቡንና ሳንባውን የሚያገኝ ጥይት ነው። ሆዱን በ500 የተመታ ኤልክ ጫካ ገብቶ ሲማቅቅ ያድራል፤ የአዳኙን ትዕቢት ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። በ44ህ በ50 ሜትር ደረቱን ሳትስት የምትመታ ከሆነ፣ 44ህን ታጠቅ፤ 500ውን ቤትህ ተወው።