የማን ረቡዕ? በሎስ ሳንቶስ ስለሚጾም አንድ ዲያቆን የቀረበ ጥናት

የእህቴ ልጅ ዲያቆን ነው። ባለፈው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከደብሩ አጥር ጀርባ ባለ አንድ ጌም ቤት ተቀምጦ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በሚባለው ጌም፣ ሎስ ሳንቶስ በምትባለው ከተማው ውስጥ፣ የታክሲ ሹፌር ጎትቶ አስፋልት ላይ ጣለ፤ ታክሲውን ይዞ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ፤ እኔ በቆጠርኩት 9 ሰው ገጨ። ከዚያ ሲጄ ራበው። ሲጄ የጨዋታው ባለታሪክ ነው፤ ካልበላ ይከሳል። ዲያቆኑ ታክሲውን ዶሮ ጠብሶ የሚሸጥ ቤት በር ላይ አቁሞ ገባ። የምግብ ዝርዝሩ መጣ። ልጁ ዶሮ ዶሮውን አንድ በአንድ አለፈና መጨረሻ ላይ ያለውን ሰላጣ አዘዘ።

«ምነው?» አልኩት።

«ረቡዕ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ይህ ጥናት የተወለደው ከዚያ ሰላጣ ነው።

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ክርስቲያን ሰው ደም የሚረጭበት ጌም ሲጫወት እምነቱን የት ያስቀምጠዋል? አንዳንድ ሰባኪ «ማሽኑን ከነገመዱ አውጥታችሁ ጣሉ» ይላል። ወጣቱ ደግሞ «ጨዋታ ነው እኮ» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ወንበር ስበው ቁጭ ብለው አላዩም። እኔ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ዘዴዬ ይኸው ነው። ናሙናዬ አንድ ጌም ቤት፣ አራት ቴሌቪዥንና አንድ የእህት ልጅ ነው። አነሰ የሚል ሰው ወንበሩ ፕላስቲክ መሆኑን፣ አንድ እግሩም የተሰነጠቀ መሆኑን ከግምት ያስገባልኝ።

አስቀድሞ የስያሜው ጉዳይ ይጥራ። በቤተሰባችን ጂቲኤን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረመረችው እህቴ ናት። የዘንድሮ ልጆች አማርኛን በላቲን ፊደል፣ አናባቢውን እየዋጡ ይጻጻፋሉ። ጓደኛው «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጂቲኤ» ብሎ የላከለትን መልእክት እህቴ ስልኩ ላይ አየችና ሦስቱን ፊደላት «ጌታ» ብላ አነበበቻቸው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጌታ። ደስ ብሏት ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች፤ አንድ ወር ሙሉም የታክሲ ብር ጨመረችለት። ንባቧ ከፊደል አንጻር እንከን የለበትም።

ወደ ጌም ቤቱ እንግባ። ግድግዳው ላይ ሦስት ነገር ተለጥፏል። አንደኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ነው። ከጎኑ የጎድ ኦፍ ዋሩ ክራቶስ ሰንሰለት የታሰረባቸውን ሰይፎቹን ይዞ ቆሟል። ከሁለቱ በታች በማርከር የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «ዱቤ የለም። መሳደብ ክልክል ነው።» ስለ መግደል የተባለ ነገር የለም። መጀመሪያ ባለቤቱ የዘነጋው መስሎኝ ነበር። እየዋልኩ ሳድር ግን ማስታወቂያው ከልምድ የወጣ መሆኑ ገባኝ። ሰው በሚገደልባቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች ፊት ጸጥታ አለ፤ ልጆቹ ዳዊት የሚደግሙ ይመስል ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እናት የሚሰደበው፣ «በማርያም» ተብሎ በሐሰት የሚማለው፣ ጆይስቲክ የሚወረወረው ፊፋ ላይ ነው፤ አንዲት ጠብታ ደም በሌለበት፣ ፔናሊቲ ሲሳት። የፊፋ መንፈሳዊ ጉዳት ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ስለሆንኩ ገለልተኛ መሆን አልችልም።

የጊዮርጊስና የክራቶስ ጎረቤትነት ልጆቹን ቅንጣት አያስጨንቃቸውም። ክራቶስ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የመጀመሪያ ጨዋታው የግሪኮችን የጦርነት አምላክ ይገድላል፤ በ2010 በወጣው ሦስተኛው ደግሞ ዜውስን ራሱን። ዲያቆኑን ስጠይቀው «ጣዖት ነው የሰበረው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት የእኛ ሰዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አላቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ባለ ሁለት ዓይን አድርገው ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ በር የገባ ሕፃን ከጦሩ ጫፍና ከጦሩ እጀታ በኩል ያለው ማን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ይህን መመዘኛ ይዤ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሲጄ ሲሮጥም ሲነዳም ሲተኩስም የሚታየው ከጀርባው ነው። የምናየው ማጅራቱን እንጂ ዓይኑን አይደለም። ስለዚህ በሥዕል ሕግ ጻድቅ ይሁን ኃጥእ መወሰን አልተቻለም። ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባለው ጌም ደግሞ የባሰ ነው፤ ከገዳዩ የሚታየው እጅና ጠመንጃ ብቻ ነው። ፊት የሌለውን ሰው በየትኛው ግድግዳ ትሥለዋለህ?

ዲያቆኑ በበኩሉ ገድል ጠቅሶ ይከራከራል። «ቅዱስ ጊዮርጊስም እኮ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሥቷል፤ ሦስት ላይፍ...» ሲል ጆሮዬን ያዝኩ፤ ይህን ክፍል ከጥናቱ እንዲሰረዝ ሁለታችንም ተስማምተናል። ሁለተኛው ክርክሩ ግን ጠንከር ይላል። በላዔ ሰብእ 78 ሰው በልቶ ለተጠማ በሰጠው አንድ እፍኝ ውኃ ዳነ። ሲጄ የገጨው 9 ነው፤ አንዱንም አልበላም።

«ውኃውስ?» አልኩት። «ሲጄ ማንን አጠጣ?»

አሰበ። ረጅም ጊዜ አሰበ። «የእሳት አደጋ መኪና ነጥቄ እሳት አጥፍቻለሁ» አለ። ነገሩን አጣራሁ፤ እውነት ነው። በጨዋታው የእሳት አደጋ መኪና ይዞ የሚነድ መኪናና የሚነድ ሰው በውኃ ማጥፋት ይቻላል። ሥራውን እስከ 12ኛው ደረጃ ያደረሰ ተጫዋች ደግሞ ከዚያ ወዲያ እሳት አያቃጥለውም። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔም ዝቅ አደረግሁ።

በውጭው ዓለም ጉዳዩ ብዙ ተደክሞበታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1993 ሞርታል ኮምባትን ሴኔት ድረስ አቅርበው መረመሩት፤ በዓመቱ ዕድሜ የሚለጠፍበት የደረጃ ሥርዓት መጣ። በ2007 ከ17 ዓመት በታች ላለ የማይሸጠው ሄሎ 3 ሲወጣ፣ ወጣት የራቃቸው አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ቴሌቪዥን ደርድረው ልጆቹን በእሱ ጠሩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የማንቸስተርን ካቴድራል ያለ ፈቃድ የጌም ተኩስ ሜዳ አድርጋችሁታልና እከሳለሁ ብላ በሶኒ ላይ ዛተች፤ ሶኒም ይቅርታ ጠየቀ። ለእኛ የሚጠቅሙት ግን ሌሎች ሁለት ሙከራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በ1994 የወጣው የኖኅ መርከብ ጨዋታ ነው። ዊዝደም ትሪ የሚባል ድርጅት፣ ናዚ እየተረሸነ የሚኬድበትን የዎልፈንስታይን ጨዋታ ሞተር ወስዶ ጠመንጃውን በወንጭፍ፣ ወታደሩን በፍየል ተካው። ኖኅ መርከቡ ውስጥ እየዞረ በተቆጡ እንስሳት ላይ ምግብ ይወነጭፋል፤ የጠገበ እንስሳ ይተኛል። ኮሪደሩ ያው፣ ጥግ ይዞ መሸመቁ ያው፤ የሟች ሬሳ ብቻ በእንቅልፍ ተተካ። ፍየል የጠበቀ ሰው ይህን ጨዋታ አያምነውም፤ ፍየል ጠግባ ስትተኛ ማን አየ?

ሁለተኛው በ2006 የወጣው ሌፍት ቢሃይንድ የሚባለው የዓለም ፍጻሜ ጨዋታ ነው። እዚያ ምእመናኑ ሰው መግደል ይችላሉ፤ ነገር ግን በገደሉ ቁጥር የመንፈስ ልካቸው ይቀንሳል፤ ልኩን ለመመለስ መጸለያውን መጫን ነው። ተኩስ፣ ጸልይ፣ ተኩስ። ይህን ለዲያቆኑ ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። «ያማ ንስሐ አይደለም» አለኝ። «ቻርጅ ነው።»

ስለ ሳን አንድሪያስ የማጭበርበሪያ ኮዶች ደግሞ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ የአብነት ትምህርቱ በእጅጉ ይታያል። የጤና፣ የጥይት መከላከያና የ250,000 ዶላር ኮድ እንዲህ ይነበባል፦ አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። ሌላው ልጅ ከደብተር እያየ ይጫናል። የእኛው ግን በቃሉ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነቀነቀ ያወርደዋል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ከፍ ሲል ዜማ ሊገባበት ምንም አልቀረውም። ታናናሾቹ እግሩ ሥር ተቀምጠው ይቀበሉታል። አንዱ ሲሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት (ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው ተመልካች የሆኑ) «ይሄ የደብተራ ድግምት ነው» ብለው ሰጉ። አቅጣጫዎቹን በወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ስናማትብ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ኮዱ ግን ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ እያለ ይዞራል። ማማተብም አይደለም፣ ማማተብን መገልበጥም አይደለም። ተረጋግተው ልጃቸውን ረሱት።

ዋናው ችግር ግን የረቡዕ ችግር ነው። ሳን አንድሪያስ የራሱ ቀን አለው። ኤል ዋንን ተጭነህ ስትይዝ የሲጄ ሁኔታ ይዘረዘራል፤ አናቱ ላይ የሳምንቱ ቀን በስም ተጽፏል። የእኛ አንድ ሴኮንድ የሎስ ሳንቶስ አንድ ደቂቃ ስለሆነ ቀኑ በ24 ደቂቃ ያልቃል፤ ሳምንቱ በ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። አንድ ሰዓት የከፈለ ልጅ ሁለት ቀን ተኩል ይኖራል። እንግዲህ ሲጄ የሚጾመው የማንን ረቡዕ ነው? የአዲስ አበባውን ከሆነ ልጁ በረቡዕ ከሰዓት በኋላ አምስት ቀን ቢጫወት አምስቱም ረቡዕ ሊሆን ነው። የሎስ ሳንቶሱን ከሆነ ደግሞ ሰኞ ከቅዳሴ መልስ የተቀመጠ ዲያቆን ሳያስበው ዓርብ ይደርስበታል።

ዲያቆኑ የቆረጠው ከበድ ወዳለው ነው፤ ከሁለቱ በአንዱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ሰላጣ። ዐቢይ ጾምንም አስልተነዋል። 55 ቀን በሎስ ሳንቶስ 22 ሰዓት ይሆናል። በሰላጣ ብቻ ከገፋው ሲጄ ስብ አይጨምርም፤ ሲሮጥ ከዋለም እየመነመነ ይሄዳል። «ይመንምን» አለ ልጁ። «ለነፍሱ ነው።» ከዚያ የሲጄን ነፍስ ይዞ ባንዳና ያሰረ ልጅ ሊተኩስ ሄደ።

ነገሩን ለንስሐ አባቱ ማቅረቡን ራሱ ነው ያጫወተኝ። «አባ፣ ጌም ላይ ሰው እገድላለሁ» ይላቸዋል።

«የሞተ ሰው አለ?»

«የለም አባ።»

«ስንት ነው የሚያስከፍሉት?»

ይነግራቸዋል።

«ከየት አምጥተህ?»

እዚህ ላይ ልጁ ዝም ይላል። የታክሲው ብር ይመጣል፤ አንድ ወር ሙሉ በእግሩ እየተመላለሰ ያጠራቀመው፣ እናቱ ለጌታ ብላ የጨመረችው። አባ ብሩ ተቆጥሮ እንዲመለስ፣ ለሰባት ቀን በየቀኑ 41 እንዲሰግድ አዘዙት። ለ9ኙ ሟቾች የታዘዘ ነገር የለም። ስለ ታክሲው ሹፌርም አልጠየቁም፤ ልጁ ግን የእናቱን ታክሲ ከከፈለ ወዲህ የሎስ ሳንቶስን ታክሲ መንጠቅ ትቷል። አሁን የሚነጥቀው የቤት መኪና ነው።

ጥናቱን ለመደምደም እኔም ጆይስቲክ መያዝ ነበረብኝ። በአዲስ አበባ ሰኞ ነበር። መኪና ነጠቅሁ፤ መሪው እንቢ አለኝ፤ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ ከነተሳፋሪዎቹ ወሰድኩ። ዲያቆኑ ዝም ብሎ ያያል። አንዲት አሮጊት ገጨሁ። ዝም። ፖሊሱን ሳልፈልግ መታሁት። የተፈላጊነት ኮከቦቹ ሦስት ደረሱ፣ ሄሊኮፕተር መጣ። ልቤ እየመታ ያገኘሁት በር ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፤ በርገር ቤት ኖሯል። ከገባሁ አይቀር ብዬ ትልቁን በርገር መረጥኩ።

«ጋሼ!»

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እጁን ሰዶ ኤል ዋንን ያዘልኝ። ዓርብ።

ተውኩት፤ ወደ ሰላጣው ወረድኩ። ልጫነው ስል እጄን ያዘኝና በዓይኑ የስክሪኑን ቀኝ ጥግ አሳየኝ። 14፡45 ይላል። በእኛ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፤ ጾም የሚፈታው ደግሞ በዘጠኝ ነው።

ውጭ ሳይረን ይጮኻል። ባንኮኒው ፊት፣ ሦስት ኮከብ ተሸክመን፣ አሥራ አምስት ሴኮንድ ጠበቅን።