የዳማ ሆድ

የሆድ ነገር ከተነሳ ሐበሻ ሁሉ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ላይ «ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ አደረገኝ» ያለ ሰው ገና ነግሮ ሳይጨርስ አንዱ «አሜባ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «የለም፣ ጃርዲያ ነው፤ ስታገሳ የእንቁላል ሽታ ይሸትሃል?» ብሎ ይመረምረዋል፤ ሦስተኛው ከቦርሳው የተረፈ ሜትሮኒዳዞል ያወጣለታል። እኔም በዚያ መካከል ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሼልተር ያመጣነው ድመት ሆዱ አልረጋ ብሎ ሐኪም ዘንድ ስወስደው፣ «ጃርዲያ ሳይሆን አይቀርም፣ ሜትሮኒዳዞል እንጀምርለት» ሲሉኝ የአገሬን ሰው በባዕድ ከተማ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። በሽታውም የታወቀ፣ መድኃኒቱም የታወቀ።

ዳማ ያልነው በቀለሙ ነው። ስሙን ያወጣችለት ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ የነበረችው እናቴ ናት። «ይሄማ ዳማ ነው፣ የአባትሽን ፈረስ ቁርጥ» አለች ገና ከሣጥኑ ብቅ ሲል፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሼልተር ውስጥ ከብዙ ግልገሎች ጋር በአንድ ክፍል የቆየ፣ ገና ጥርሱን ቀይሮ ያልጨረሰ ድመት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ዳማን ታመመ እንዳትሉት ምግቡን ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ መጋረጃ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከእሱ በፊት የነበረችውን አሮጊቷን ድመታችንን ሻሼን ጭራዋን እየያዘ ያማርራታል። ጤነኛ ነው እንዳትሉት ደግሞ ከአሸዋው ሣጥን አይጠፋም። ይሄዳል፣ ያምጣል፣ ጥቂት ያደርጋል፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና። የሚወጣው የተመታ አብሽ የመሰለ ንፍጥ አለበት፣ ጫፉ ላይ ትኩስ ደም ጣል ይላል። መቀመጫው ቀልቶ አብጧል። አንዳንዴም ሳያውቀው ስለሚያመልጠው የተኛበት ቦታ ላይ እርጥብ ምልክት ይተዋል፤ ተነስቶ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ራሱን ይልሳል፣ ይልሳል። ድመት ንጽሕናውን የሚወድ ፍጥረት ነው። ያንን ሲያደርግ ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ሽታውንስ አታንሱት። እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር ዕጣኑን ሁለት እጥፍ ታጨሰዋለች፤ እሱም አይረታውም።

«ኮሶ ነው የያዘው» አለች እማዬ በፍጹም እርግጠኝነት። በእሷ ልጅነት ኮሶ የማይታገል ቤት አልነበረም፤ የኮሶው አበባ ተፈጭቶ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ትሉ ይወርዳል። ድመትም የራሱ ኮሶ እንዳለው አስረዳኋት፤ ቁንጫ ሲውጥ የሚገባበት፣ ቁራጩ ሩዝ መስሎ ጭራው ሥር የሚታይ ትል ነው። የዳማ ግን እሱ አይደለም፣ ትል የሚባል ነገርም አልታየበትም። «እኛ ቤት ድመት አይጥ ይይዝ ነበር እንጂ ሐኪም ቤት አይሄድም» ብላኝ ተነሳች። ተነስታም አሮጌ ነጠላዋን ቀዳ፣ በለብ ያለ ውሃ ነክራ፣ ዳማን ጭኗ ላይ አስተኝታ መቀመጫውን አባበሰችለት። በየቀኑ የምታጥበው እሷ ሆነች። አፏና እጇ በዚህ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም፤ እኔ የማምነው እጇን ነው።

ሜትሮኒዳዞሉን ጀመርን። ሰው የዋጠው ያውቀዋል፣ ከምላስ የማይለቅ ምሬት አለው። ዳማ ገና ሲነካው አፉ አረፋ ሞላ፤ አረፋው በልብሴ፣ በወለሉ፣ በእማዬ ቀሚስ ላይ ተረጨ። ቢሆንም መድኃኒቱ የያዘለት መሰለን፣ ሰገራው ጠጠር አለ። ባቆምን በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ያው ሆነ። ተመለስን። ሌላ መድኃኒት፣ ፌንቤንዳዞል፣ ተሰጠው። አልሆነም። ምግቡን ቀይሩ ተባልን፣ ቀየርን። አለርጂ ይሆናል ተባለ። ጭንቀት ይሆናል ተባለ። እንደገና ሜትሮኒዳዞል ተሰጠን። እንደገና ተሻለው፣ እንደገና ተመለሰበት። በመጨረሻ አንዷ ሠራተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሼልተሩ መልሶ ይቀበላችኋል እኮ» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንድ መድኃኒት ደጋግሞ ካልሠራ ጥፋቱ የድመቱ አይደለም፤ በሽታው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሌላ ክሊኒክ ፈለግሁ። ያገኘኋት ሐኪም ዳማን ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። ዕድሜው ስንት ነው? ከየት መጣ? ከስንት ድመት ጋር ይኖር ነበር? ሜትሮኒዳዞል ሲሰጠው ተሽሎት ሲቋረጥ ይመለስበታል? ሁሉን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና «ትኩስ ሰገራ አምጪልኝ፤ አሸዋ ያልነካው፣ ፍሪጅ ያልገባ» አለችኝ። የምትፈልገው ፍጥረት ቅዝቃዜ ይገድለዋል፤ ሞቶ ከቀረበ ደግሞ በማይክሮስኮፕ አይታወቅም። ወሩ ጥር ነበር። ዳማ ሲወጣ ጠብቄ፣ በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ፣ ከካፖርቴ ሥር ሰውነቴ ላይ አጥብቄ ይዤው በረዶ በተጠረገበት መንገድ ነዳሁ።

የበርበሬ ፍሬ የምታህል ቅንጣት በጨው ውሃ በጥብጣ መስታወቱ ላይ አደረገች፣ አየች፣ ከዚያ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በባክቴሪያው ግርግር መካከል አንድ ሞላላ፣ ጫፉ የሾለ ነገር እየተፈናጠረ ወደፊት ይሄዳል። በጎኑ በኩል ስስ ሽፋን አለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይርገበገባል። ከፊቱ ያሉት ጅራፎች ሦስት ናቸው፤ እነሱን ግን ዓይኔ አልለያቸውም። ጃርዲያ እንዲህ አይሄድም፤ እሱ እየተገለባበጠ ይንሳፈፋል፣ ይህኛው ግን ዝም ብሎ ይገሰግሳል። «ትራይትሪኮሞናስ» አለችኝ። ለማረጋገጥ የቀረውን ለፒሲአር ምርመራ ላከችው፣ እሱም ያንኑ አለ።

ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ድሮ የሚታወቀው በከብት ነው። ትራይትሪኮሞናስ ፊተስ በኮርማና በላም ግንኙነት ይተላለፋል፣ ላሟን ያስወርዳታል ወይም መሃን ያስመስላታል። ድመት ውስጥ ግን ትልቁ አንጀት ላይ ይሰፍራል፤ የዳማ ማማጥና ደጋግሞ መመላለስ ምክንያቱ ይህ ነው። የድመቱን ተቅማጥ የሚያመጣው እሱ መሆኑ ተለይቶ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእነ ዶክተር ጆዲ ጉኪን ቡድን ባደረገው ሥራ። በኋላ የድመቱ ከከብቱ በመጠኑ ይለያል ብለው ሌላ ስም ያቀረቡለት ተመራማሪዎችም አሉ። እነ ጉኪን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ዓለም አቀፍ የድመት ትርኢት ላይ ሰገራቸው ከተመረመረ 117 ድመቶች 36ቱ ላይ ተገኝቷል፤ ከመቶ 31 ማለት ነው። ብዙ ድመት ተሰብስቦ አንድ ሣጥን በሚጋራበት ቤት ይዛመታል፤ አንዱ የረገጠውን ሌላው ይረግጣል፣ እግሩን ይልሳል፣ ይውጠዋል። ያዙልኝ ያልኳችሁ የሼልተር ክፍል ለዚህ ነው።

ዝም ብሎ ቢተውስ? ብዙዎቹ ድመቶች ከጊዜ በኋላ ተቅማጡ ይለቃቸዋል፤ ግን ሁለት ዓመት ድረስ ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በኋላ ተህዋሲው ውስጣቸው ሊቀር ይችላል። ሁለት ዓመት መቀመጫው ቆስሎ የሚኖር ፍጥረት! አልፈቀድኩም።

የሚሠራው መድኃኒት ሮኒዳዞል ይባላል። የሜትሮኒዳዞል ወንድም ነው፣ ከአንድ ቤተሰብ የወጣ፤ ነገር ግን ወንድሙ ያልቻለውን ይችላል። ዱሮ ለዶሮ መሰል አእዋፍና ለአሳማ ይሰጥ ነበር፤ ሥጋቸው ለሚበላ እንስሳት መስጠት አሁን አሜሪካም አውሮፓም ክልክል ነው። ለድመት ተብሎ ታሽጎ የሚሸጥ ስለሌለ ሐኪሟ አዝዛ ቀማሚ ፋርማሲ በክብደቱ ልክ በካፕሱል አዘጋጀው፤ ለአንድ ኪሎ 30 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ14 ቀን። «ከዚህ አታሳልፊ» ብላ አጥብቃ ነገረችኝ። ሲበዛ ወይም ድመቱ ካልተስማማው ነርቭ ይነካል፤ ያንገዳግዳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሊያንዘፈዝፍም ይችላል። ካፕሱሉን ያለ ጓንት መንካት አይገባም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አትጠጋውም።

እማዬ ይህን ሁሉ ሰማችና እጅጌዋን ሰበሰበች። በፎጣ ትጠቀልለዋለች፣ ጭንቅላቱን ቀና ታደርገዋለች፣ እኔ በጓንት ከጉሮሮው አስገባለሁ፣ ከዚያ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ውሃ እሰጠዋለሁ። «በስመ አብ፣ ዋጥ የኔ አንበሳ፣ ዋጥ» ትለዋለች ጉሮሮውን ወደ ታች እያሻሸች። ካፕሱሉ ሳይፈርስ ስለሚወርድ አረፋው ቀረልን።

ሻሼ ምንም ሳይታይባት ተመረመረች፤ እሷም ይዛዋለች። ያለ ምልክት የሚሸከሙ አሉና ሁለቱንም አብረን ማከም ነበረብን፤ አለዚያ አንዷ ለሌላው ትመልስለታለች። ሣጥኖቹን ለየን፣ በየዕለቱ አጥበን ማሞቂያው አጠገብ አደረቅናቸው። በዚህ በኩል ጠላታችን ደካማ ነው፤ ጃርዲያ ጠንካራ ቅርፊት አብጅቶ ውጪ ሊቆይ ይችላል፣ ይሄ ግን ቅርፊት የለውም፣ ድርቀትን አይችልም።

ከሁሉ የከበደኝ ማታ ማታ ነበር። ዳማ በወጣ በገባ ቁጥር ዓይኔ እግሩ ላይ ነው። አንድ ምሽት ወደ መስኮቱ ደፍ ዘለለና ጫፉን ስቶ ወደቀ። ደሜ ቀዘቀዘ። እማዬ ማተቧን ጨበጠች። እንደገና እንዲሄድ ከረሜላ በሚያህል የዶሮ ሥጋ እያባበልኩ በስልኬ ቀረጽኩትና ለሐኪሟ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ጆሮው ይርገበገባል? ወደ ጎን ያዘነብላል? የኋላ እግሩ ይከዳዋል? አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም። «ድመትም ይወድቃል» አለችኝ፤ ነገ ከመስጠትሽ በፊት ላየው አለችና በማግስቱ አይታው ቀጥይ አለችኝ። ያንን ሌሊት ግን እማዬና እኔ ተራ ገብተን አደርን፤ እሱ በመካከላችን ተኝቶ ያንኮራፋል።

መድኃኒቱ ሳያልቅ አንድ ጠዋት እማዬ ከመታጠቢያ ቤት ጮኸች። «ነይ፣ ነይማ! ነይ እዪ!» ሮጥኩ። ሣጥኑ ላይ አጎንብሳ ቆማለች። ደረቅ፣ ቅርጽ ያለው፣ ንፍጥም ደምም የሌለበት። እልል አለች፣ እልልታዋን የላይኛው ፎቅ ሰው ሳይሰማው አልቀረም። ዳማ ደንግጦ ሶፋ ሥር ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ተመርምረው ነጻ ናቸው ተብለናል። ሐኪሟ ግን አንድ ጊዜ ነጻ ማለት ለዘላለም አይደለም ብላለች፤ ጥቂት ተደብቆ ቀርቶ ሊመለስ ስለሚችል ሰገራው ከላላ ቶሎ እንድናመጣው ነግራናለች። እማዬ ከደብረ ብርሃን ስትደውል እኔን «ደኅና ነሽ?» ካለች በኋላ ወዲያው ሆዱን ትጠይቃለች፣ ስለ ሰገራው በዝርዝር ካልነገርኳት ስልኩን አትዘጋም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ድመቷ ከወራት በፊት የጀመረው ተቅማጥ ሜትሮኒዳዞል ሲሰጠው እየተሻለው ሲቋረጥ እየተመለሰበት መሆኑን፣ ቤት ሰው መጥራት እንዳቆመች ነገረችኝ። እንድትመልሰውም መክረዋታል። የትራይትሪኮሞናስን ስም በስልኳ ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩላት፤ ሐኪሟን በስሙ ጠርታ ፒሲአር ትጠይቅ፣ ሰገራው የዚያኑ ጠዋት ይሁን፣ ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፣ ከቤቱ ሌላ ድመት ካለ እሱም አብሮ ይመርመር አልኳት። ማክሰኞ አብሬያት እሄዳለሁ።