አያ ከዜሮ፣ ና እንተሳሰብ

ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ አዲስ የመጣ ልጅ ተቀምጦ «የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይዣለሁ፤ ወደ ዲግሪ ላሳድገው» ይበል እስቲ። ቡናው ሳይቀርብለት ፍርዱ ይቀርብለታል። «እሱን እርሳው! እዚህ አገር ከዜሮ ነው።»

ፈራጁን ታውቁታላችሁ። አያ ከዜሮ ነው። አካውንቲንግ ስትለው ከዜሮ ነው። ነርሲንግ ስትለው ከዜሮ ነው። ኮምፒውተር ስትለውም ከዜሮ ነው። ኮምፒውተር እንኳ ከዜሮ ቀጥሎ አንድ ይላል፤ አያ ከዜሮ አንድ ላይ ገና አልደረሰም።

ጎበዝ፣ ወንበር ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ቅረቡ። ዛሬ ሰውዬውን አንድ እናስቆጥረዋለን።

«የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የእኛን ዲፕሎማ አያውቀውም» ይላል፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ። ወንድሜ፣ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የማንንም የውጭ ዲፕሎማ አይመዝንም። የሕንዱንም፣ የፈረንሳዩንም። ሥራው አይደለም። ክሬዲትህን የሚቀበለውም የሚመልሰውም የምትገባበት ኮሌጅ ራሱ ነው። አንዱ አልቀበልም ያለውን ሌላው እሰየው ብሎ የሚቀበለው ለዚህ ነው። አንተ አንድ በር አንኳኩተህ ሃምሳውንም ስቴት ቆለፍከው። ቁልፍ ሠሪ ብትሆን ጥሩ እንጀራ ይወጣልህ ነበር።

«የአጎቴ ልጅ አስገምግሞ ምንም አልተያዘለትም!» ምኑን አስገምግሞ? ግምገማው እኮ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰነዱን በጥቅሉ አይቶ «ይህ እዚህ አገር ከዚህ ጋር ይስተካከላል» ብሎ ያበቃል። ለሥራ ማመልከቻ ይሆናል። ሁለተኛው ኮርስ በኮርስ ነው፤ እያንዳንዱን ትምህርት በስሙ፣ በክሬዲቱና በውጤቱ ይዘረዝራል። ኮሌጅ የሚቆጥርልህ ከሁለተኛው ላይ ነው። የአጎትህ ልጅ ረከስ ያለውን መረጠ። ወረቀቱም «ልጁ ዲፕሎማ አለው» አለ። ይህንንማ እናቱም ትላለች፤ ያውም በነጻ።

ገምጋሚውም ቢሆን ከመንገድ አይለቀምም። ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ፣ በአጭሩ ደብሊው ኢ ኤስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። ናሴስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበርም በ1987 ተቋቁሞ የአባላቱን ዝርዝር በይፋ አስቀምጧል። ኮሌጁ የማንን ግምገማ እንደሚቀበል አስቀድሞ ይናገራል። ቀድሞ ማንበብ ነው። አያ ከዜሮም ያነባል፤ ግን ከከፈለ በኋላ፣ ደረሰኙን።

«ትራንስክሪፕቴን እኔው ራሴ ይዤዋለሁ» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ጥፋቱ እሱ ላይ ነው። ገምጋሚው የሚፈልገው ከተማርክበት ተቋም ሬጅስትራር በቀጥታ የተላከ ወይም በታሸገ ፖስታ ሳይከፈት የደረሰ ነው። ፖስታውን ያየ ያውቀዋል። ክዳኑ ይለጠፍና መጋጠሚያው ላይ ክብ ማኅተም ያርፍበታል፤ የክቡ ግማሽ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ። ክዳኑ ከተነሳ ክቡ ለሁለት ይከፈላል፣ ነገሩም እዚያው አለቀ። ይህን ፖስታ ለማውጣት እህቱ አዲስ አበባ ላይ ውክልናዋን ይዛ፣ ወረፋ ቆማ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ» ተብላ፣ ነገም ሄዳ፣ በመከራ አውጥታ ላከችለት። አያ ከዜሮ እጁ እንደገባ «እስቲ ምን ይላል?» ብሎ ቀደደው። ምን እንዲል ፈለግህ? የራስህ ውጤት ነው! የተፈተንከው አንተ ነህ!

በነገራችን ላይ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ሰው መጀመሪያ እሱን ይዝጋ። ዕዳው ሳይዘጋ ዋናውን ሰነድ ስጡኝ ብሎ ሬጅስትራሩ ላይ መጮኽ ጉሮሮ መጨረስ ነው። የአያ ከዜሮ ጉሮሮ ግን አያልቅም፣ እንቀጥል።

የባሰው ሲላበስ ነው። ወረቀትህ ላይ የኮርሱ ስም ብቻ አለ። ኮሌጁ ደግሞ ምን ምን ምዕራፍ ተማርክ፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መጽሐፍ ይላል። ሲላበሱን አምጣ ይላል። አያ ከዜሮ ከአገር ሲወጣ «ብርድ ነው» ተብሎ ጃኬት ሲላበስ፣ ካፖርት ሲላበስ፣ በላዩ ጋቢ ሲላበስ፣ ሲላበሱን ረሳው። ሦስት ሲላበስ ቆጥሬለታለሁ፤ የጎደለው የሚያስፈልገው ብቻ ነው። «የተማርኩት እኮ አንድ ዓይነት ነው» ይላል አሁን። አንድ ዓይነት መሆኑን አንተ ታውቃለህ፤ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ግን አብሮህ ክፍል አልተቀመጠም፣ ደብተርም አልተዋሰህም። ገና አገር ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ከኮሌጃችሁ የኮርስ ዝርዝሩን ማኅተም አስደርጋችሁበት ውጡ። ከሻንጣው አንድ ኪሎ በርበሬ ቢቀነስ እንኳ ቦታ ይገኝለታል።

እዚህ ላይ የምሬን ነው የምናገረው። ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ክፍል ለሚገባ ልጅ አንዲት የ3 ክሬዲት ኮርስ ተረፈችለት ማለት የአንድ ሴሚስተር እንቅልፍ ተረፈለት ማለት ነው። ክፍያውም ተረፈ። ይህን ልጅ ነው አያ ከዜሮ በአንድ ቃል ወደ መጀመሪያው መስመር የሚመልሰው። ሂሳብን ሁለት ጊዜ፣ እንግሊዝኛን ሁለት ጊዜ፣ ስታትስቲክስን ሁለት ጊዜ አስተማረው። አያ ከዜሮ፣ አንተ ራስህ አንድም ጊዜ አልተማርከውም እኮ!

«ኮርሱን አልፌዋለሁ፤ ለምን አይያዝልኝም?» በምን አለፍከው? በዲ። አብዛኛው ኮሌጅ ከሲ በታች ያለ ውጤት አያዛውርም። እስቲ አሁን የምትሠራበትን ከተማ ስም ጥራልኝ። ዲሲ! ዲ ትቀራለች፣ ሲ ታልፋለች። ከተማው በስሙ ሲነግርህ ከረመ፤ አንተ በየታርጋው ላይ እያነበብክ መኪና ታቆማለህ። «ሲሉ ሰምቼ፣ ሲሉ ሰምቼ» እያልክ ከምትዞር አንዲት ሲ ብታመጣ ይሻልህ ነበር።

«አሥር ሲደመር ሦስት ከሆነስ?» አለ። በመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀ፤ አጨብጭቡለት። አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሰው በ12 ዓመት ነው። ከ10ኛ ክፍል ተነስቶ ሦስት ዓመት የተማረውን ልጅ ገምጋሚው «ከሦስቱ ስንቱ የሁለተኛ ደረጃ ማሟያ፣ ስንቱ የኮሌጅ ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። መልሱ ከገምጋሚ ገምጋሚ ይለያያል። ከ12ኛ በኋላ ሁለት ዓመት የተማረው የድሮው ዲፕሎማ ይህ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ የጎረቤትህ ውጤት የአንተ ውጤት አይደለም። ጉንፋን ይተላለፋል፣ ወሬም ይተላለፋል፤ የሰው ክሬዲት ግን ወደ አንተ አይተላለፍም።

ነርሶቹን ደግሞ ለብቻ ላስቀምጣቸው። ፈቃድ ሌላ፣ ክሬዲት ሌላ ነው። ፈቃዱ በየስቴቱ የነርስ ቦርድና በኤንክሌክስ ፈተና በኩል ያልፋል፤ ክሬዲቱ በኮሌጁ በኩል። አንዱን ተከልክላ ሌላውንም የጣለች እህት ካለች ትመለስ። አያ ከዜሮ ሁለቱን የሚያምታታው ሁለት ድረስ መቁጠር ስላልቻለ ነው።

አሁን ጥጉ ጋ የተቀመጠው ተነሳ። ወንድምዬው ነው፣ አያ ሙሉ። «አትስማው! ሁሉም ይያዝልሃል። ወረቀቴ ላይ 120 ይላል፣ የአሜሪካ ባችለርም 120 ነው፤ ጋውን አዝዣለሁ!» ጋውኑን መልሰው አያ ሙሉ። የአሜሪካ ባችለር ባብዛኛው 120 ክሬዲት መሆኑ እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምረህ ያመጣኸው 120 ግን ኢሲቲኤስ ነው። በዚያ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ነው፤ አሜሪካ 30 ይለዋል። ለሁለት ይካፈላል። ጋውኑም ለሁለት ይካፈል፤ ግማሹን ለአያ ከዜሮ ስጠው፣ እሱ ምንም አልለበሰም።

«ይሁን፣ 60ውም ተይዞልኛል!» ተይዟል። የት ነው የተያዘው? ጠይቅ እንጂ! የሴክሬታሪያል ሳይንስ ዲፕሎማ ይዘህ ነርሲንግ ገብተህ፣ የታይፕ ክሬዲትህ አናቶሚን አይተካም። ኢሌክቲቭ የሚባል ክፍል ውስጥ ተይዞ ተቀምጧል፤ ዋስም የለው። ቁጥሩ ትራንስክሪፕትህ ላይ ያምራል፣ ከምትመረቅበት ቀን ላይ ግን አንድ ቀን አይቀንስም። አካውንቲንግ ተምሮ አካውንቲንግ የሚቀጥለው ነው በደንብ የሚጠቀመው። ደግሞም ዲግሪውን የሚሰጥህ ኮሌጅ «ቢያንስ ይህን ያህሉን እኔ ጋ ተማር» ይላል፤ ብዙ ቦታ 30 ክሬዲት ነው። ስሙን ዲግሪህ ላይ ሊጽፍልህ ነዋ፤ መልክህን እንኳ ይየው!

«እሺ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንድገባ ነው? እሱ የሰነፍ ነው» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ወንድማማቾቹ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር፣ እሱም ስሕተት። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እዚሁ ቡና የምትጠጡበት ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ አለው። ወንዙን ስትሻገሩ ኖቫ፣ የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ አለላችሁ። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም ጀምረዋል፤ ተማሪው ከመጀመሪያው የትኛው ኮርስ ወደ ባችለሩ እንደሚገባለት እያወቀ ይማራል። ሜሪላንድም በ2021 በወጣ ሕግ፣ የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከስቴቱ የመንግሥት ኮሌጅ የመጣን ክሬዲት ሲመልስ ምክንያቱን ለተማሪው እንዲናገር አስገድዷል። እንግዲህ የአገር ቤቱን ዲፕሎማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ታስቆጥራለህ፣ የጎደለውን በርካሽ ትሞላለህ፣ 60 ክሬዲቱን አሶሼት ዲግሪ አድርገህ በተጠረገ መንገድ ትሄዳለህ። ሰነፍ ማለት መንገዱ ተጠርጎለት ቡና ቤት የቀረው ነው።

አያ ሙሉ ይህም አልበቃውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሁሉንም የሚቀበል ትምህርት ቤት አውቃለሁ። ክፍል የለ፣ ፈተና የለ፤ የሥራ ልምድህን ቆጥሮ በወር ውስጥ ዲግሪህን በፖስታ ይልክልሃል።» ጮክ ብለህ ተናገር፣ ሰው ይስማ! አክሬዲቴሽን አለው? «እሱ... በሂደት ላይ ነው።» አክሬዲቴሽን ውስጥ ክሬዲት የምትባል አለች፤ እሷ ከሌለችው ላንተ ከየት አምጥቶ ይሰጥሃል? ክሬዲት የሌለው የክሬዲት ካርድህን ብቻ ነው የሚቀበለው። ቅድም ዲፕሎማ አይመዝንም ያልኩት ሚኒስቴር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር በነጻ ያሳያል። ስሙን አስገብቶ መፈለግ ነው። አያ ሙሉ ፈለገ፣ አጣ። «ሲስተሙ አይሠራም» አለ። ሲስተሙማ ሠራ፣ አንተን ያዘህ!

አሁን ለአያ ከዜሮ የመጨረሻ ስጦታ አለኝ። «እኔ ምን አለኝ? ሲላበስ የለኝ፣ ፖስታዬ ተቀዷል፣ ውጤቴ ዲ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ቀና በል! አማርኛ አለህ። ብዙ ኮሌጅ ለዲግሪ የውጭ ቋንቋ ይጠይቃል፤ አክትፍል የሚባለው ተቋም ደግሞ የአማርኛ የንግግር ፈተና አለው። ከፈታኙ ጋር በቀጥታ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ታወራለህ፣ ደረጃህ ይሰጥሃል። ይህን ውጤት ወደ ክሬዲት የሚቀይሩ ኮሌጆች አሉ፤ ያንተው ኮሌጅ ከእነሱ መሆኑን ከመመዝገብህ በፊት ጠይቅ። ቀኑን ሙሉ በነጻ የምትበትነውን ወሬ ግማሽ ሰዓት በክሬዲት አውራው። ላንተ የተሰፋ ፈተና ነው። የምሰጋልህ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈተናው በ30 ደቂቃ ያልቃል፣ ያንተ ሰላምታ ብቻውን 40 ይፈጃል።