ውዳሴ ለመስመር አልባው ግቢ

የአዲስ አበባ ባለ ሕንፃ ተወቅሶ እንጂ ተመስግኖ አያውቅም። ኪራይ ጨመረ ይባላል፣ ሊፍቱን አቆመ ይባላል፣ ሽንት ቤቱን በቁልፍ ዘጋ ይባላል። የዋለልንን ትልቁን ውለታ ግን አንድ ሰው እንኳ ሲያነሳለት አልሰማሁም፤ የመኪና ማቆሚያውን መስመር ሳያሰምር ትቶልናል። ዛሬ ይህን ዕዳ ልክፈል ብዬ ተነስቻለሁ።

ሕንፃውን እዩት። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ደረጃው ግራናይት፣ መግቢያው በመብራት የተንቆጠቆጠ ነው። ከዚያ ውበት ሃያ እርምጃ ወጣ ሲሉ ግን አስፋልቱ እንደ ተነጠፈ ተቀምጧል፤ ነጭ ጭረት የለ፣ ቢጫ ጭረት የለ፣ ቀስት የለ፣ ቁጥር የለ። ባለ ሕንፃው እዚህ ሲደርስ እጁን ሰብስቧል። በሁሉም ነገር ስንታዘዝ የምንውል ሰዎች አንድ ቦታ እንኳ እንደ ልባችን እንሁን ብሎ ነው መቼም።

ነጻነቱ ዜማም አለው። "ና፣ ና፣ ና… ግራ ቁረጥ… መልስ… ና፣ ና… በቃ!" (ቆመን አንቱ የሚለን ጥበቃ መሪ ስንይዝ አንተ ይለናል፤ ይህም እኩልነት ነው።) ልምድ ያለው ሹፌር እንደሚያውቀው "በቃ" የሚመጣው ጓ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ ጥበቃው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ይልና "ጋሼ፣ ማርሹን ፍሪ ያድርጉት፤ እጅ ፍሬን እንዳይዙ" ይላል። ለሌላ አገር ሰው ብትነግሩት አያምናችሁም፤ አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን ቪትዝ ፍሬኗን ፈትተን፣ ለማናውቀው ሰው ትከሻ አስረክበን፣ ወደ አራተኛ ፎቅ እንወጣለን። ስንመለስ መኪናችን ካቆምንበት ርቃ፣ አፍንጫዋን ጄኔሬተሩ ላይ ደግፋ እናገኛታለን።

ስልክ ቁጥራችንንም በወረቀት ጽፈን መስታወቱ ሥር እንተዋለን። መንገድ ላይ ለጠየቀን የማንሰጠውን ቁጥር ግቢው ውስጥ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ዘርግተን እንሄዳለን። ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፋችንን ከፍተን ተቀምጠን ስልኩ ይጮኻል፤ "ዘግተውብኛል፣ ይውረዱልኝ" የሚል የማናውቀው ድምፅ ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ መተዋወቅ በቀረበት ከተማ እንዲህ ያለ መቀራረብ ከየት ይገኛል?

መስመር ያሰመሩ አገሮች ይህን ሁሉ አጥተዋል። ነገሩን የጀመረው በ1911 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን የመንገድ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ሃይንስ ነው ይባላል፤ የወተት ጋሪ እያንጠባጠበ ሲሄድ አይቶ፣ ከኋላው የቀረውን ነጭ መስመር ልብ አለና መንገዱን መሐል ለመሐል በቀለም አስከፈለ። እኛ ዘንድ በየቀኑ ኮንክሪት እያንጠባጠበ የሚያልፍ ሚክሰር ሞልቷል። አንድም ባለ ሕንፃ ከኋላው ቆሞ ሲመሰጥ ታይቶ አያውቅም። እግዜር ጠብቆናል።

ሃይንስ የለኮሰው ነገር ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ሲሠሩት ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰዎቹ መጀመሪያ ግቢውን ይጠርጋሉ፤ አቧራና ዘይት ላይ ቀለም አይዝም ይላሉ። እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ በሜትር ለክተው፣ ጠመኔ የነካ ክር ወጥረው፣ ክሩን ነጠቅ አድርገው ይለቁትና መሬቱ ላይ ምልክት ያወጣሉ። ለአንድ መኪና ወርዱ 2.5፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ይመድባሉ፤ በሁለቱ ረድፎች መሐል መኪና ወደ ኋላ ወጥቶ የሚዞርበት 6 ሜትር መተላለፊያ ይተዋሉ፤ መስመሩ ራሱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀለሙም የሳሎን ግድግዳ ቀለም ሳይሆን የጎማ ፍትጊያ የሚችል የመንገድ ቀለም ነው። ሌሊት መብራት እንዲመልስ ከተፈለገ ሳይደርቅ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ ይነሰነስበታል። የባሰባቸው ደግሞ ቴርሞፕላስቲክ የሚባለውን 200 ዲግሪ አካባቢ አቅልጠው ያፈስሱታል። ለመኪና ማቆሚያ እኮ ነው!

ይህ ሁሉ ድካም ለሒሳብ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ባለው ግቢ ግራና ቀኝ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ በድምሩ 24 መኪና ይቆማል። መስመር ከሌለ ሰው ሁሉ በሩ እንዳይጫርበት ከ2.5 ሜትሩ በላይ ሌላ 70 ሳንቲ ሜትር ይይዛል እንበል፤ በአንድ ረድፍ 9 ብቻ ይገባል፣ ድምሩ 18 ይሆናል። ስድስት ቦታ ባከነ የሚል አይጠፋም። አልባከነም! ጥበቃው እጅ ፍሬን ያልያዙትን ስምንት መኪኖች መተላለፊያው ላይ ደርድሮ 26 ያደርሰዋል፤ ኢንጂነሩን በሁለት በለጠው። መውጣት አለመቻላቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተነጋገርነው ስለ ማቆም ነው።

ክፉ ሰዎች ባለ ሕንፃው መስመር ያላሰመረው ከንፉግነት ነው ይላሉ። ስም ማጥፋት ነው። ጥቂት ባልዲ ቀለም ለእሱ ምኑ ነው? ነገሩ ጠለቅ ይላል። መስመር ባለጌ ነው፤ ሰው አይለይም። ወርዷ 1.7 ሜትር ለሆነች ቪትዝም፣ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ለቀረው ላንድክሩዘርም ያችኑ 2.5 ሜትር ይሰጣል። ቀድሞ የመጣ ይቆምበታል፤ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ነገር በጨዋ ግቢ እንዴት ይፈቀዳል?

መስመር በሌለበት ቦታ የሚሰጠው ዓይን ነው። ጥበቃው ከሩቅ በሞተር ድምፅ ያውቃል። ቪትዝ ስትመጣ ግቢው ሞልቷል፤ "እመቤት፣ አንድም ቦታ የለኝም፣ ወደዚያ ማዶ ይሞክሩ።" ከኋላዋ ቪኤይት ብቅ ሲል ኮኑ ይነሳል፣ ሰንሰለቱ ይወድቃል፣ ሁለት ልጆች ከጥግ ሮጠው ይመጣሉ፣ ግቢው ለሁለት ይከፈላል። ኮን ስል እንደ ሕንፃው አቅም ነው፤ ባዶ ጄሪካን፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ወይም ድንጋይ ሊሆን ይችላል። የዚህን ድንጋይ ሥልጣን አቅልላችሁ አትዩ። ማንም ያልጻፈበት፣ ማንም ያላጸደቀው ሆኖ ሳለ ከመኪናው ወርዶ የሚያነሳው ደፋር እስካሁን አልተወለደም።

ጥበቃው በዚህ አይወቀስ። ደመወዙን ያወቀ ያውቀዋል። ግቢው በወጉ ቢሰመር ኖሮ እያንዳንዱ ሹፌር ባዶ ቦታ አይቶ ራሱ ይገባ ነበር፤ በመስኮት የምትሾልከው ሃያና ሃምሳ ብር ትቀር ነበር፤ ጥበቃውም በወሩ መጨረሻ ቢሮ ወጥቶ "ጌታዬ፣ አልበቃኝም" ይል ነበር። አሁን አይልም። ቀለም ያልነካው አስፋልት ከደመወዙ ላይ የጎደለውን ይሞላለታል፤ ከፋዩ ደግሞ እኛ ነን። ባለ ሕንፃው አንድ ባልዲ ቀለም ባለመግዛቱ የሠራተኛ ደመወዝ መቆጠቡን ሳያውቅ የሚያደርገው ከመሰላችሁ የዋሆች ናችሁ።

ሐቅ ለመናገር ያሰመሩም አሉ። የሚያሰምሩት በምረቃው ዋዜማ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለባት ሰዓት፣ ከአምስተኛ ፎቅ ኮሪደር የተረፈው ፕላስቲክ ቀለም ይወርድና አንድ ልጅ ያለ ሜትር፣ ያለ ክር፣ በዓይኑ ለክቶ በሮለር ይለቀልቀዋል፤ እርጥቡ ላይ፣ ጭቃው ላይ። በማግሥቱ ሪባን ይቆረጣል፣ ድሮን ከላይ ሆኖ ይቀርጻል፣ መስመሩ በቪዲዮው ላይ እንደ አውሮፓ ያምራል። መስከረም ሲጠባ ግን የአደይ አበባ ይገኛል እንጂ መስመሩ አይገኝም። በዓመቱ ሌላ ልጅ ይመጣና የድሮው ርዝራዥ ሳይጠፋ በሌላ ማዕዘን አዲስ ይጨምርበታል። ሹፌሩ ከሁለቱ የወደደውን ይመርጣል፤ ብዙው ሁለቱንም ረግጦ ይቆማል።

ደግሞ የተሽከርካሪ ወንበሩ ምልክት አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሏል። ይህን የሰማ ባለ ሕንፃ ሰማያዊዋን ምልክት በሩ አጠገብ ያስቀባል። ቦታዋ ለሊፍቱ ትቀርባለች፣ ጥላ አላት፣ ከዝናብ ታስጠልላለች። ማን ይቆምባታል? ራሱ ባለ ሕንፃው። እሱ ወደ ሥራ ካልመጣ ወንድሙ።

አሜሪካኖች በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሥር ያለው መለኪያ እስከ 25 መኪና የሚይዝ ግቢ ቢያንስ አንድ ቦታ ይለይ ይላል፤ ከጎኑም 1.5 ሜትር ያህል በሰያፍ መስመር የተሞላ ክፍት ቦታ ይተዋል። ከመኪና ሲወረድ ወንበሩ የሚዘረጋው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ማቆሚያዎች ውስጥ የሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ያችን ቦታ ያውቋታል፤ ያለ ፈቃድ የቆመ ሰው በመቶዎች ዶላር ይቀጣል። እኛም ሰያፉን መስመር አንዳንዴ እንቀባዋለን። ባዶ ቦታ መተው ግን ነውር ስለሆነ የአበባ ማሰሮ ወይም የውሃ ሮቶ እንተክልበታለን።

ምድር ቤቱን አላነሳም፤ በፕላኑ ላይ ፓርኪንግ፣ ወረድ ብሎ ለሚያየው መጋዘን ነው። ለካርቶን መስመር አይሰመርም።

ይህን ሁሉ ምስጋና የሰማ አንድ ባለ ሕንፃ አፍሮ "ኧረ እኔስ ባሰምር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሹፌሩ ግን መስመር አያከብርም" ሊለኝ ይችላል። ይህ ሰው ሊፍቱ ውስጥ "ከ8 ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው" ብሎ ለጥፏል። ደረጃው ላይ "መቀመጥ ክልክል ነው"፣ አጥሩ ላይ "መሽናት በሕግ ያስቀጣል"፣ ሽንት ቤቱ ላይ "ለደንበኛ ብቻ" ብሏል። በየግድግዳው ሕዝቡን ሲያምን ውሎ ከመኪና ማቆሚያው ሲደርስ ብቻ ተስፋ ቆረጠ። ደግሞም እዚያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልቆረጠም። ከመግቢያው በስተቀኝ፣ ጥበቃው ከሚቀመጥበት ከፍ ብሎ፣ በጥሩ ቀለም፣ በክር በተለካ ቀጥ ያለ ፊደል የተጻፈ አንድ ነገር አለ። ክረምት አላደበዘዘውም፣ ጎማ አልነካውም፤ በየዓመቱም ይታደሳል። "በመኪናዎ ላይ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም።"